የጀሪካኑ ጥያቄ

ነገሩ የወልቂጤ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥታችሁ፣ ወሊሶን አልፋችሁ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር ጥቂት ሲበልጥ የምታገኟት ከተማ ናት፤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ። በዚያ አካባቢ ዋቤ ይወርዳል፣ ግቤ ይፈሳል። ግቤ ታች ወርዶ ኦሞ እስኪባል ድረስ ተርባይን እያዞረ ላገር መብራት ይሰጣል። እንዲህ ያሉ ወንዞች የከበቧት ከተማ ናት እንግዲህ ለመጠጥ ውሃ ሰው የሞተባት።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ሴቶችና ወጣቶች ባዶ ጀሪካን እያነጠለጠሉ ከየሰፈሩ ወጡ። ጀሪካኑን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ዘይት ይዞ የመጣው፣ ዘይቱ ሲያልቅ ታጥቦ ውሃ መቅጃ የሆነው ቢጫው ነው። ጥያቄያቸውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊያደርሱ ነበር የወጡት። ተተኮሰባቸው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ሳምንት ባወጣው መግለጫ በጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ቢያንስ 3 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከ30 የማያንሱ መቁሰላቸውን አስታወቀ።

ውሃ ፍለጋ ወጥቶ በጥይት መመታት! ይህን ሳስብ ዛሬም ውስጤ ይቃጠላል። ግን ዝም ብዬ ብቃጠል ነገሩን አላስረዳችሁም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የካቲት 8 በአንድ ቀን አልመጣም። ከሁለት በኩል ሲመጣ ቆይቷል፤ አንዱ ከጓዳ፣ ሌላው ከምክር ቤት።

ከጓዳው ልጀምር። በየካቲት 2014 ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ገቡ። ወልቂጤ ላይ ሆኖ ይህ ምን ያገባኛል ያለ ሰው በወሩ ሱቅ ሲሄድ ተረዳው፤ ባለ 5 ሊትሩ የምግብ ዘይት ወደ 1,000 ብር ተጠጋ። የሱፍ ዘይት የሚሸጡት ሁለቱ አገሮች ሲታኮሱ የፓልም ዘይቱም ተወደደ፤ ኢንዶኔዥያ ደግሞ ለሳምንታት የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ወዲያው ሰኔ 29 ላይ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ማንሳት ጀመረና ቤንዚን በሊትር ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ዘለለ። ቤንዚን ሲወጣ ባጃጁ ይወጣል፤ ባጃጁ ሲወጣ ሽንኩርቱም፣ ከሰሉም፣ ጎመኑም አብሮ ይወጣል። የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዚያ ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ደመወዝ ግን ባለበት ቆሞ ነበር።

የጉራጌ ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ መጠጊያ አለው። እንሰት ይባላል። ከተከሉት በኋላ ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል፤ ከደረሰ ግን ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፣ ለወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል። የጤፍ ዋጋ ሲንር ከተማ ያለው ልጅ ወደ ገጠር ስልክ ይደውላል፤ እናት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በሚኒባስ ትልካለች። ስንት ቤት በዚህ እንደከረመ የሚያውቀው ያ ሚኒባስ ነው። ቆጮው ግን ብቻውን ራት አይሆንም። ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ቡና ይፈላል። እንሰት ዘይትን ተክቶ፣ ጤፍን ተክቶ ሊያኖር ይችላል፤ ውሃን አይተካም።

አሁን ቁጠሩልኝ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መንግሥት ራሱ ባወጣው መለኪያ፣ ሕዝቧ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ በሆነ ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ይገባዋል፤ ከዚያ በሚቀጥለው ደረጃ 60። ወልቂጤ በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 30 ሺህ የተጠጋ ነዋሪ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ተማሪውና ሠራተኛው ተጨምሯል። ዝቅተኛውን፣ 50ውን እንያዝ። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን 300 ሊትር ይፈልጋል። አንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ነው። 15 ጀሪካን ማለት ነው፣ በየቀኑ። ቧንቧው ሲዘጋ 15ቱን ጀሪካን በአህያ ጋሪ ከሚያዞር ሰው ገዝቶ የሚዘልቅ ቤት የለም። በሦስት፣ በአራት ጀሪካን ይታደራል። የልጆቹ ዩኒፎርም በሳምንት አንዴ ይታጠባል። ሊጡ ይቀንሳል። የሕፃኑ ገላ የታጠበበት ውሃ ሽንት ቤት ይደፋል። ለእነዚያ አራት ጀሪካኖች የሚወጣው ብር ደግሞ ቧንቧው ቢሠራ ለብዙ እጥፍ ውሃ የሚበቃ ነው። ድሃው ከሀብታሙ አብልጦ የሚከፍለው እንዲህ ነው፤ በርሜልና ታንከር ያለው ውሃ በመጣበት ሌሊት ሞልቶ ያስቀምጣል፣ በኪራይ ቤት ያለች እናት ግን በጀሪካን ትገዛለች።

የምክር ቤቱ መንገድ ደግሞ ይህ ነው። በ1984 አገሪቱ በክልል ስትከፈል ጉራጌ፣ ሀዲያና ከምባታ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ክልል 7 ተብለው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ7 እስከ 11 ያሉት ክልሎች ተጠቃለው ደቡብ ሆኑ፤ መቀመጫውም ሀዋሳ። የስልጤ ሕዝብ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ ተለይቶ የራሱን ዞን አቋቋመ። ከዚያ የ2010 ለውጥ መጣ፤ ሲዳማ ክልል ልሁን አለ፣ በኅዳር 2012 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፣ ሆነ። የጉራጌ ዞን ምክር ቤትም በኅዳር 2011 ክልል እንሁን ብሎ ወስኖ ጥያቄውን አቅርቦ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያዘጋጅ ያዛል። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሕዝበ ውሳኔ አልተዘጋጀም።

በ2014 ክረምት ሌላ ነገር መጣ፤ ክላስተር። የቀሩት የደቡብ ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች በሁለት ክልል ይጠቃለሉ ተባለ። የየዞኑ ምክር ቤት እየተሰበሰበ እጁን አወጣ። ወልቂጤ ግን በነሐሴ መጀመሪያ ሱቋን ዘጋች፣ መንገዷ ባዶ ሆነ፣ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። አድማ ለመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ቀን ዕረፍት ሊመስል ይችላል፤ ባጃጅ ለሚነዳው፣ ጉልት ለምትቸረችረው ግን የዕለት ጉርስ ነው። የዘይትና የቤንዚን ዋጋ ባንገሸገሸው በዚያ ክረምት ያንን ገቢ ትቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው የምር ጉዳይ እንደነበረው መገመት አያዳግትም። ነሐሴ 5 ቀን የዞኑ ምክር ቤት ተሰበሰበ። 52 አባላት ክላስተሩን ተቃወሙ፣ 40 ደገፉ።

52 ለ40። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ጉራጌ በሙሉ አንድ ሐሳብ ነበረው የሚል ካለ 40ዎቹን ረስቷል። ሕዝቡ ክላስተርን ተቀብሎ ነበር የሚል ካለ ደግሞ 52ቱን። ክርክሩ በየቤቱ ነበር።

አንድ ቤት ላቁምላችሁ። ስም የለውም፤ በምናቤ የሠራሁት ቤት ነው፣ የሚነገርበት ቃል ግን በዚያ ዘመን በወልቂጤና በቡታጅራ ሰው አፍ የነበረው ነው። አባት መምህር ነው። እናት ቅቤና ቆጮ ትነግዳለች፣ የሰፈሩን ዕቁብ የምትሰበስበውም እሷ ናት። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለመስቀል የመጣው አጎት የሌላዋ የዞኑ ከተማ፣ የቡታጅራ ሰው ነው፤ የማረቆ በርበሬ ይነግዳል። ክትፎው ቀርቧል፣ ጎመኑና አይቡ ቀርቧል፣ ልጁ ግን ገና ሳይጎርስ ጀምሯል።

"ጋሼ፣ ጥያቄው እኮ ሕጋዊ ነው። ምክር ቤቱ ወስኗል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ መደረግ ነበረበት። ሲዳማ ሲሰጠው እኛ ምን አደረግናቸው?"

አጎት ተረጋግቶ ይጎርሳል። "ልጄ፣ ያ የምትለው ክልል መቀመጫው የት ነው?"

"ወልቂጤ ነዋ።"

"እሱን አልኩህ። እኔ ከቡታጅራ ለአንድ ማህተም ወልቂጤ ስመላለስ ፀጉሬ ሸበተ። ለአንተ ሀዋሳ ሩቅ እንደሆነ ሁሉ ለእኔ ወልቂጤ ሩቅ ነው። ደግሞ በርበሬዬን የምገዛው ከማረቆ፣ የምሸጠው ለስልጤውም ለሀዲያውም ነው። አጥር ሲበዛ ገበያዬ ይጠባል።"

አባት መሐል ይገባል። "አዲስ ክልል ቢሮ ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል፣ ደመወዝ ይፈልጋል። ከየት ይመጣል? እኔ የምፈራው እሱን ነው። መጀመሪያ የሚቆረጠው የመምህር ነው።"

እናት ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ትናገራለች። "እኔ ክልሉንም ክላስተሩንም አላውቅም። ዕቁብ ግን አውቃለሁ። የአንዱ ዕጣ ወጥቶ፣ ብሩን ለሌላ ሰጥቶ፣ 'ለአንተም ይሻልሃል' ማለት አለ? ለባለ ዕጣው ይሰጠዋል። ከፈለገ እሱ ራሱ ያውሰው። ድምፅ ስጡ ተብለው ድምፅ ይስጡ። ጋሼም እንቢ ካሉ እንቢ ይበሉ፣ ይቆጠር።"

እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፣ አልደብቃችሁም። የአጎትየው ሥጋት እውነተኛ ነው፤ የአባትም እንዲሁ። በዞኑ ውስጥ የነበሩት ቀበናውም ማረቆውም የየራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው፣ መሰማት ነበረበት። ግን ይህን ሁሉ አስቀምጦ የሚመዝነው ኮሮጆ ነበር። ጉራጌ ድምፅ ሰጥቶ ክልልነትን ውድቅ ቢያደርግ እንኳ ልጁ ከአጎቱ ጋር ተከራክሮ ተሸነፈ ይባል ነበር። ሳይጠየቅ ሲቀር ግን ተሸናፊና አሸናፊ የለም፤ የተበደለና የበደለ ብቻ ይቀራል። ያ ቅሬታ ነው ከተማዋ ላይ ተጭኖ የከረመው። ወጣቶች ታሰሩ፣ ሰው እርስ በርሱ ተጠራጠረ።

ጥር 29 ቀን 2015 ሌሎቹ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ሄዱ፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሚባለው ከዚያ ወጣ። ወልቂጤ አልተጠየቀችም። በዘጠነኛው ቀን ሴቶቿ ጀሪካን ይዘው ወጡ።

አያችሁ ሁለቱ መንገድ የት እንደተገናኘ? በጥርጣሬ በምትታይ ከተማ ጀሪካን የያዘ ሰው እንኳ ጀሪካን የያዘ ሰው ብቻ ሆኖ አይታይም። ጀሪካን ይዛ የወጣችው እናት ክልል ይሁን ትበል፣ ክላስተር ይሁን ትበል፣ ማንም አልጠየቃትም። የ52ቱም ደጋፊ የ40ዎቹም ደጋፊ ይጠማዋል። የወጣችው ሊጥ የምታቦካበት አጥታ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ቦቴ መኪና ነበር፣ የፈረቃ ሰሌዳ ነበር፣ አንድ ኃላፊ ወጥቶ "ፓምፑ ይህን ሆኗል፣ በዚህ ቀን ይጠገናል" ማለት ነበር።

የጉራጌ ሴት አቤት ስትል ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የምትባል ሴት ነበረች። ሴት ልጅ በትዳሯ የምትበደልበትን፣ መፍታት ብትፈልግ የምትታሰርበትን ሥርዓት ተቃውማ የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች ከሚሰበሰቡበት፣ ከየጆካ ሸንጎ ፊት ቆመች። ሴቶችንም አስከትላ ነበር። ሽማግሌዎቹ የዘመናቸው ሰዎች ነበሩ፤ የጠየቀችው ሁሉ ወዲያው ተፈጽሞላታል ብዬ አላታልላችሁም። ግን ተቀምጠው ሰሟት። ስሟ እስከ ዛሬ የሚጠራው ሸንጎ ፊት ቆማ ስለተናገረች ነው። ጽሕፈት ቤት ሳይኖራቸው፣ በጀት ሳይኖራቸው፣ ሳር ላይ ተቀምጠው ሴት የሰሙ ሽማግሌዎች አገር ነው ያ አገር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2015 ክረምት ጉራጌ ያለ ሕዝበ ውሳኔ ከሀዲያ፣ ከስልጤ፣ ከከምባታና ከሌሎቹ ጋር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆነ። አቶ እንዳሻው ጣሰው ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ፣ ሆሳዕና ተቀመጡ፤ የክልሉ መሥሪያ ቤቶችም በየከተማው ተከፋፈሉ። የቡታጅራው አጎት የፈለገውን አገኘ፤ ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ተቋቁሞ ቡታጅራ መቀመጫ ሆነች። ቀበናና ማረቆ ልዩ ወረዳ ሆኑ። ካርታው ላይ ስትመለከቱት ያ የ1984ቱ ክልል 7 ተመልሶ የመጣ ይመስላል።

የአባትም ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። አዲሱ ክልል ከተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ በሀዲያ ዞን መምህራን ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ ተሰማ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲተመን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆነ። በመስከረም 2018 ለመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ጭማሪ መጣ፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ። መልካም ነው። ግን ቤንዚኑን ከ36 ብር ጀምራችሁ ቁጠሩና አስተያዩት። ዕቁብ ሰብሳቢዋ እናት ይህን ስሌት ወረቀት ሳትይዝ ታውቀዋለች፤ ለመስቀልም ለአረፋም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ልጅ ይዞት የሚመጣው ብር ቁጥሩ አድጎ የሚገዛው ሲያንስ ከማንም ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

ወደዚያ ማዕድ ልመልሳችሁ፤ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ፣ ዋናውም እሱ ነው። ልጁና አጎቱ እስከ ምሽት ተከራከሩ። ሀዋሳ፣ ሆሳዕና፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራ እያሉ መቀመጫውን ሲያዘዋውሩ አመሹ። እናት ጀበናውን ጥዳ ሰማቻቸው። ከዚያ ጠየቀች።

"የውሃ የምከፍለው የት ነው?"

"ከተማው ውሃ ነዋ፣ እማዬ።"

"ሀዋሳ ሆነንም የምከፍለው እዚያው ነው። ሆሳዕናም ብንሆን እዚያው ነው። አንተ እንደምትለው ክልሉ ወልቂጤ ቢሆንም ያው እዚያው መስኮት ነው። እንግዲህ ያንን መሥሪያ ቤት የሚቆጣጠረው ማነው?"

አባት መለሰ፤ "የከተማው ምክር ቤት።"

"እነሱን ማን መረጣቸው?"

እዚህ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ፤ የጸጥታውን ምክንያት ልንገራችሁ። በዚህች አገር የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ በመላ አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለው ኢሕአዴግ ከነአጋሮቹ ወንበሩን ሁሉ ማለት ይቻላል ወሰደው። ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ። በ2013 ለፌዴራሉና ለክልል ምክር ቤቶች ድምፅ ሲሰጥም የወረዳውና እንደ ወልቂጤ ያሉት ከተሞች ምርጫ አብሮ አልተደረገም። ኢሕአዴግ ፈርሷል፣ ደቡብ ክልል ፈርሷል፣ ጉራጌ ዞን ለሁለት ተከፍሏል። የ2005ቱ ምርጫ ግን አልተተካም። ያኔ የተወለደች ልጅ ዛሬ ጀሪካን ተሸክማ ውሃ ትቀዳለች።

ክልል ወይስ ክላስተር የሚለው ክርክር ከባድ ነው፤ የማንነትና የበጀት ጉዳይ ነው፣ አልንቀውም። ግን ለጓዳው የሚቀርበው መንግሥት ያ አይደለም። ፓምፑን የሚያስጠግነው፣ የፈረቃ ሰሌዳ የሚያወጣው፣ የጉልት ቦታ የሚሰጠው፣ የባጃጁን ታሪፍ የሚቆርጠው የከተማው አስተዳደር ነው። ይህ እርከን በየአምስት ዓመቱ መራጭ ፊት ቢቆም ኖሮ ያቺ እናት ቁጣዋን በጀሪካን ይዛ አደባባይ ከመውጣቷ በፊት በካርድ የምታሳይበት ቀን ይኖራት ነበር። ኃላፊውም ቀኑ እንደሚመጣ እያወቀ ቧንቧውን ለወራት አይረሳም ነበር። በወልቂጤ የወደቁትን ሰዎች ሳስብ ደጋግሜ የሚመጣብኝ ይህ ነው፤ ቅሬታቸውን የሚያደርሱበት ሌላ በር ተዘግቶ ነው መንገድ ላይ የተገኙት።

ልጁ ነው መጀመሪያ የተናገረው። "ያኔ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ።"

አባት ቀጠለ። "እኔ መርጫለሁ። ወረቀቱ ላይ የነበረው አንድ ፓርቲ ነው።"

አጎትም ስኒውን አስቀምጦ፣ "ቡታጅራም እንደዚያው ነው" አለ። ከማዕዱ ጀምሮ ሁለቱ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

እናት ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች፣ "በሉ እንግዲያውስ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ንገሩኝ" አለች። "አንተ ወልቂጤ ጠይቅ፣ ጋሼ ደግሞ እርስዎ ቡታጅራ ይጠይቁልኝ። ቀኑን ስታመጡልኝ ስለ ክልሉ ደግሞ እስኪነጋ እንነጋገራለን።"